«ባዶ» የተባሉት ቃላት፦ የቬትናምኛ ቅንጣት ቃላትና የጽሕፈታቸው ታሪክ

የቋንቋ መምህራን የሆንን ሁሉ የተማሪ ጽሑፍ ስናርም የለመድነው አንድ ሥራ አለ። ተማሪው «አባቴ መጣ እኮ» ብሎ እንደሆነ «እኮ»ን በቀይ እንሰርዛለን። «እስኪ ንገሩኝ» ብሎ እንደሆነ «እስኪ» ይወጣል። «እሷማ ታውቃለች» ብሎ እንደሆነ «ማ» ትቆረጣለች። ምክንያቱን ሲጠይቀን «ትርጉም አይጨምርም፤ የአፍ ንግግር ነው» እንለዋለን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ለዓመታት ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ለቤተሰብ ደብዳቤ የመጻፍ ልምምድ ሰጥቼ ነበር። ከእርማት በኋላ አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆኖ ከተላከማ እናቴ ተቆጥቶ ነው የጻፈው ትላለች» አለኝ። ደብዳቤውን እንደገና ሳነበው ልጁ እውነቱን ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ አንድም ስሕተት አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ለእናቱ የሚጽፍ ልጅ ድምፅ ከውስጣቸው ወጥቶ ሄዷል።

የልጁ ጥያቄ የአንድ ክፍል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰው ሲነጋገር የሚያሰማው አክብሮት፣ ጥርጣሬ፣ ቅርበትና ቁጣ በጽሑፍ ላይ ቦታ አለው ወይስ የለውም? የቬትናም ሕዝብ በረጅሙ የጽሕፈት ታሪኩ ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖሯል። ስለዚህ የቬትናምኛ ቅንጣት ቃላት ምን እንደሚሠሩ፣ ከየት እንደመጡ፣ በየዘመኑ እንዴት እንደተጻፉና በምን ምክንያት ሳይጻፉ እንደቀሩ ቀጥለን እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅንጣት ቃላት ምን ይሠራሉ?

ቬትናምኛ እንደ አማርኛ ግሥን አያረባም። እኛ «ሄደ፣ ሄደች፣ ይሄዳል፣ ሂድ» እያልን በግሡ መልክ የምንለየውን ሁሉ ቬትናማዊው በቃላት ቅደም ተከተልና በግሡ ዙሪያ በሚያስቀምጣቸው አጫጭር ቃላት ይለየዋል። ከእነዚህ አጫጭር ቃላት መካከል በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚመጡት የተናጋሪውን ስሜት፣ ለአድማጩ ያለውን አክብሮት ወይም ቅርበት፣ በነገሩ ላይ ያለውን እርግጠኝነት ወይም ጥርጣሬ ያስታውቃሉ። በዚህ ጽሑፍ «ቅንጣት ቃላት» የምንላቸው በተለይ እነዚህን ነው።

ለምሳሌ ያህል «ሜ ቬ» የሚለውን እንውሰድ። «ሜ» እናት፣ «ቬ» ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲነገሩ ነገሩን ይገልጻሉ እንጂ ተናጋሪው በምን ልብ እንደተናገረ አይገልጹም። በመጨረሻው ላይ አንዲት ቅንጣት ስትጨመር ግን እንደሚከተለው ይሆናል።

«ሜ ቬ ዞይ» — እናቴ መጥታለች። ነገሩ መፈጸሙን ያስታውቃል።

«ሜ ቬ ኾንግ?» — እናቴ ትመጣለች? ጠያቂው አያውቅም፤ አዎን ወይም አይደለም እንዲባል ይፈልጋል።

«ሜ ቬ ኣ?» — እናቴ መጣች እንዴ? አንድ ምልክት አይቶ ወይም ሰምቶ የተገረመ ሰው ጥያቄ ነው።

«ሜ ቬ አ» — እናቴ መጥታለች። ለታላቅ ሰው በአክብሮት የሚሰጥ መልስ ነው።

«ሜ ቬ ቹ!» — መምጣቱንማ ትመጣለች እንጂ! ለሚጠራጠር ሰው የሚነገር ነው።

«ሜ ቬ ማ!» — እናቴ ትመጣለች እኮ! አድማጩ የዘነጋውን ወይም የሚከራከርበትን ነገር ያጸናል።

«ሜ ቬ ዲ» — እማዬ፣ ነይ እንጂ። ጉትጎታ ነው።

«ሜ ቬ ኜ» — እማዬ፣ ትመጫለሽ፣ እሺ? በፍቅር ስምምነት የሚጠይቅ ነው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በአማርኛው በኩል «እንዴ፣ እንጂ፣ እኮ፣ ማ፣ እሺ» ባንጠቀም ኖሮ ትርጉሙን ማስተላለፍ ባልተቻለ ነበር። አሁን በምሳሌዎቹ ውስጥ የተጠቀምንባቸው እነዚያ በቀይ ብዕር የምንሰርዛቸው ናቸው።

ሌላም የሚያስገርም ተመሳሳይነት አለ። በቬትናምኛ «ደው» የሚለው ቃል «የት» ማለት ነው። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲገባ ግን መጠየቁን ትቶ አጥብቆ ይክዳል። «ሜ ኮ ቬ ደው» ሲባል «እናቴ የት መጣችና!» እንደማለት ነው። እኛም «የት አይቼው!» ስንል ቦታ እየጠየቅን አይደለም። በዘር የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች አንድ መንገድ አግኝተዋል ማለት ነው።

ቃናና ስሜት

ከላይ በምሳሌዎቹ ውስጥ «ኣ» እና «አ» በማለት የለየናቸው ሁለት ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ በእውነቱ አንድ አናባቢ ናቸው፤ የሚለያዩት በቃና ብቻ ነው። ፊደላችን ቃናን የሚያሳይበት ምልክት ስለሌለው ለዚህ ጽሑፍ ብቻ ሲባል ሁለቱን ሆሄያት ተጠቅመናል። የመጀመሪያው ድምፅ ዝቅ ብሎ እየረዘመ ይወርዳል፤ ትርጉሙም የተገረመ ሰው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ በጉሮሮ ውስጥ ድንገት ይቆረጣል፤ ትርጉሙም አክብሮት ነው። መምህሩን ሰላም የሚል ልጅ ሁለተኛውን ማለት ሲገባው የመጀመሪያውን ቢል ሰላምታው ጥያቄ ይሆንበታል።

በሰሜን ቬትናም አነጋገር 6 ቃናዎች አሉ። «ማ» የምትለው አንዲት ቀለም እንደ ቃናዋ የሙት መንፈስ፣ «ነገር ግን»፣ ጉንጭ፣ መቃብር፣ ፈረስ ወይም የሩዝ ችግኝ ልትሆን ትችላለች። ከዚህም የተነሣ የድምፅ መውጣትና መውረድ አንድን ቃል ከሌላ ቃል ለመለየት አስቀድሞ ተይዟል። እኛ «መጣ» የሚለውን ድምፃችንን ብቻ ከፍ አድርገን ጥያቄ ማድረግ እንችላለን። ቬትናማዊው ግን በቃሉ ላይ ድምፁን እንደልቡ ቢያወጣና ቢያወርድ ሌላ ቃል ሊሆንበት ይችላል። የድምፅ ለዛ ፈጽሞ አያገለግለውም ባይባልም፣ እኛ በለዛ የምንሸከመውን ብዙውን ሸክም እርሱ የሚያሸክመው ለቅንጣት ቃላት ነው።

ይህ የቃና ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። ቬትናምኛ ቃና ከሌለው ከካምቦዲያው የክመር ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ አንድሬ ዦርዥ ኦድሪኩር በ1954 ባሳተመው ጥናት ቃናዎቹ በቃላት መጨረሻና መጀመሪያ የነበሩ ተነባቢዎች ሲጠፉና ሲለወጡ በነርሱ ፈንታ የተተኩ መሆናቸውን አስረድቷል። በእርሱ አስተያየት 6ቱ ቃናዎች የተሟሉት በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው።

የቻይና ፊደል ዘመን

የቻይና መንግሥት የዛሬውን ሰሜን ቬትናም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ111 ያዘ። አገዛዙም፣ በመካከሉ የተነሡት አመፆች ሳይቆጠሩ፣ ንጎ ኩየን በባክ ዳንግ ወንዝ ላይ ድል እስካደረገበት እስከ 938 ዓ.ም. ቆየ። የቻይና ወታደር ከወጣ በኋላም የቻይና የጽሕፈት ቋንቋ አልወጣም። በ1070 በዛሬይቱ ሃኖይ የሥነ ጽሑፍ ቤተ መቅደስ ተሠራ፤ በ1075 ደግሞ ሹማምንት የሚመረጡበት የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። ይህ ፈተና በመልክ በመልኩ እየተለዋወጠ እስከ 1919 ድረስ ዘልቋል። ከ840 ዓመት በላይ የተማረ ሰው ማለት የኮንፊሺየስን መጻሕፍት በቻይና ፊደል የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ማለት ነበር።

የቻይና ሊቃውንት ቃላትን «ሙሉ» እና «ባዶ» ብለው በሁለት ይከፍሏቸዋል። ሙሉ የሚባሉት ነገርንና ድርጊትን የሚሰይሙት ሲሆኑ፣ ባዶ የሚባሉት ነገር የማይሰይሙት፣ ዓረፍተ ነገርን የሚያያይዙትና የሚያሳርጉት ናቸው። ቬትናማውያን ይህንኑ አከፋፈል ወሰዱ፤ ዛሬም ቢሆን በሰዋስው መጻሕፍታቸው «ሁ ቱ»፣ ማለትም «ባዶ ቃል»፣ የሚለው ስያሜ ይሠራበታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል መታወቅ አለበት። የጥንቱ የቻይና የጽሕፈት ቋንቋም ጥያቄንና አድናቆትን የሚገልጹ የራሱ ቅንጣቶች ነበሩት። ሆኖም እነዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በቻይና ይነገር የነበረ ቋንቋ ቅንጣቶች ነበሩ እንጂ የሃኖይ ልጅ እናቱን የሚጠይቅባቸው አልነበሩም። የቬትናም ተማሪ የሌላ አገር ጥንታዊ ቅንጣቶችን በቃሉ እያጠና፣ በገዛ አፉ የሚናገራቸውን ግን የሚጽፍበት ፊደል አልነበረውም። በግእዝ እየጻፉ በአማርኛ የሚነጋገሩ ሊቃውንት በነበሩበት አገር የተወለደ አንባቢ ይህን ሁኔታ ለመረዳት አይቸገርም።

ኖም፦ የአገር ቋንቋ በባዕድ ፊደል

ይህን ጉድለት ለመሙላት ቬትናማውያን «ኖም» የሚባል የጽሕፈት ሥርዓት ፈጠሩ። የአሠራሩ ዘዴ የቻይናን ምልክት አንድ ጊዜ ስለ ትርጉሙ፣ አንድ ጊዜ ስለ ድምፁ መዋስ፣ ሌላ ጊዜም ሁለት ምልክቶችን አጣምሮ አዲስ መፍጠር ነበር። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኖም የተቀረጹ ስሞች ዛሬም ይገኛሉ።

ቅንጣት ቃላትን ለመጻፍ ዋናው መንገድ ድምፅን መዋስ ነበር። «ማ» የምትለዋ ቅንጣት በቻይንኛ ከግንዱ ቃጫ የሚወጣውን ተክል በሚያመለክት ምልክት ተጻፈች፤ ምክንያቱም የተክሉ ስም ድምፅ ከእርሷ ጋር ይቀራረባል። በጥንት ጊዜ «አይደለም» ለማለትና ለመጠየቅ የሚያገለግለው «ቻንግ» ደግሞ የእርሻ ርስትን በሚያመለክት ምልክት ተጻፈ። ብዙ ጊዜም ጸሓፊዎቹ በምልክቱ ጎን ትንሽ የአፍ ስዕል ይጨምሩ ነበር። ይህም ለአንባቢው «ትርጉሙን ተውና በአፍ የሚነገረውን ድምፅ አድምጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት መሪና ባለቅኔ የነበረው ንጉየን ትራይ በኖም የጻፋቸው 254 ግጥሞች እስከ ዛሬ ደርሰዋል። በ1820 ያረፈው ንጉየን ዱ ደግሞ 3,254 ስንኞች ያሉትንና ቬትናማውያን ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱትን «የኪዬው ታሪክ» በኖም ጽፏል። ከ1788 እስከ 1792 የነገሠው ኩዋንግ ትሩንግ ኖምን ለመንግሥት ሥራ እንዲውል አድርጎ፣ የቻይና መጻሕፍት ወደ ኖም የሚተረጎሙበት ተቋም አቋቁሞ ነበር። ንጉሡ በአጭር ጊዜ ስለሞተና ሥርወ መንግሥቱም ስለወደቀ ሥራው አልቀጠለም።

ኖም ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ኖምን ለማንበብ አስቀድሞ የቻይናን ፊደል ማወቅ ያስፈልጋል። ስለሆነም የገበሬውና የነጋዴዋ አነጋገር በወረቀት ላይ ቢሰፍርም፣ ገበሬውና ነጋዴዋ ራሳቸው ሊያነቡት አልቻሉም። የኪዬውን ታሪክ ብዙ ሰው ያወቀው በጆሮው ሰምቶ በቃሉ በመያዝ ነው።

ሚስዮናውያንና የሕፃኑ መምህርነት

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ወደ ቬትናም መጡ። በ1617 የደረሰው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ደ ፒና ቋንቋውን በደንብ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከእርሱ የተማረው ከአቪኞን ከተማ የመጣው አሌክሳንደር ደ ሮድ ደግሞ ሰዎቹ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ሲነጋገሩ በመጀመሪያ የሰማ ጊዜ የወፎች ጫጫታ እንደመሰለው ጽፏል። ደ ሮድ እንደሚተርከው ቃናዎቹን ሁሉ በ3 ሳምንት ውስጥ ያስተማረው አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ልጁ የካህኑን ቋንቋ አያውቅም፤ ካህኑም የልጁን ገና አያውቅም ነበር። ለመምህራን ይህ ታሪክ ማስታወስ የሚገባ ነው፤ ሊቁ የሚያስፈልገውን ያገኘው ከሕፃን አፍ ነውና።

በ1651 የደ ሮድ የቬትናምኛ፣ የፖርቱጋልኛና የላቲን መዝገበ ቃላት በሮም ታተመ። በውስጡም ከእርሱ በፊት የነበሩ የሌሎች ካህናት ሥራ ተካቷል፤ አጭር ሰዋስውም ተያይዞበታል። ቋንቋው የተጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን፣ ቃናዎቹን ለማመልከት ከፊደሉ በላይና በታች ምልክቶች ተጨመሩ። ከፊደሉ በታች የምትጻፈዋ ምልክት ከግሪክ ጽሕፈት የተወሰደች ነበረች፤ በኋላም ነጥብ ሆነች። የአክብሮቷ «አ» ዛሬ የምትታወቀው በዚህች ነጥብ ነው። የልጅ ትሕትና ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከምልክቶቹ አንዱ በተለይ ያስተምራል። ደ ሮድ አንዱን ቃና ሲሰማ አውሮፓዊ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያሰማውን ድምፅ መሰለው። ስለዚህ በዚያ ቃና ለሚነገሩት ቃላት የጥያቄ ምልክትን አሳንሶ ከአናባቢው በላይ አስቀመጠ። ምልክቱ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ነገር ግን ጥያቄን አያመለክትም፤ የቃሉ አካል ነው። ለአውሮፓዊው የተናጋሪ ስሜት የነበረው ነገር ለቬትናማዊው የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ነበር። ጥያቄው ያለው እንደቀድሞው በቅንጣቷ ውስጥ ነው።

በኋላ «ኩዎክ ንጉ»፣ ማለትም «የአገር ቋንቋ»፣ የተባለው ይህ ጽሕፈት ለ200 ዓመታት ያህል ከቤተ ክርስቲያን ክልል ብዙም ሳይወጣ ቆየ።

ቅንጣቶቹም ይለወጣሉ

የ17ኛው መቶ ዓመት መጻሕፍት ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ቅንጣት ቃላት ዘመን እንዳላቸው ያሳዩናል። በደ ሮድ ጊዜ ለመካድና ለመጠየቅ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ቀደም ሲል የጠቀስነው «ቻንግ» ነው። ዛሬ ግን ቦታውን «ኾንግ» ወስዶታል። «ኾንግ» ከቻይንኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ «ባዶ» ነው። ከባዶነት ወደ «የለም»፣ ከ«የለም» ወደ ጥያቄ ተሸጋገረ። «ቻንግ» በተለይ ለራስ በሚቀርብ የመጠራጠር ጥያቄና በመጻሕፍት ውስጥ ቀርቷል። በጥንት ግጥም የሚገኙት «ዙ» እና «ቫይ» የሚባሉት የጥያቄና የቁጭት ቅንጣቶች ደግሞ ከሰው አፍ ጠፍተዋል።

አብዛኞቹ ቅንጣቶች ቀድሞ ሙሉ ቃላት ነበሩ። የጉትጎታው «ዲ» መሄድ ማለት ነው። «ዞይ» ማለቅና መፈጸም ነው። «ደው» የት እንደሆነ አይተናል። በደቡብ ቬትናም በሰሜኑ «ኜ» ፈንታ የሚነገረው «ንጌን» ደግሞ «ንጌ ኾንግ»፣ ማለትም «ትሰማለህ?»፣ ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል። እኛም «ነገ ና፣ ሰማህ?» ስንል መስማቱን ተጠራጥረን አይደለም። እንግዲህ ባዶ ቃል የሚባለው ትርጉሙን አፍስሶ የቀረ ቃል ሳይሆን፣ ትርጉሙን ከነገሩ ወደ ሰዎቹ ግንኙነት ያዞረ ቃል ነው።

ከጋዜጣ እስከ ባ ዲን አደባባይ

ፈረንሳይ ደቡቡን ከያዘች በኋላ በ1865 በሳይጎን የመጀመሪያው የኩዎክ ንጉ ጋዜጣ «ዛ ዲን ባኦ» ወጣ። ትሩኦንግ ቪን ኪ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በጋዜጣው ላይ ሠርቷል፤ ቀደም ሲል በኖም የተጻፉ ሥራዎችንም በላቲን ፊደል አሳትሟል። ቅኝ ገዢው ይህን ፊደል የደገፈው ሕዝቡን ከቻይና ለመለየትና አስተዳደሩን ለማቅለል ነበር። የቬትናም አርበኞች በበኩላቸው ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ያንኑ ፊደል ለራሳቸው ዓላማ ወሰዱት። በ3 ወር ሊጠና የሚችል ፊደል ለሕዝብ መሣሪያ መሆኑን ተገንዝበዋልና።

በ1919 የመጨረሻው የሹማምንት ፈተና በሁዌ ከተሰጠ በኋላ አሮጌው ትምህርት አበቃ። በ1930ዎቹ ልብ ወለድና ጋዜጣ በብዛት ሲታተሙ ገጸ ባሕርያት ሰው በቤቱ እንደሚነጋገረው ሲነጋገሩ በወረቀት ላይ ታዩ፤ ልጅ በአክብሮት ቅንጣት፣ ባልንጀራ በቅርበት ቅንጣት፣ የተቆጣ ሰው ያለ ምንም ቅንጣት ተናገረ። በ1938 በሃኖይ በንጉየን ቫን ቶ የሚመራ የኩዎክ ንጉ ማስፋፊያ ማኅበር ተቋቋመ። በ1940 ደግሞ ትራን ትሮንግ ኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው የቬትናምኛ ሰዋስው ታተመ።

በ1945 ነሐሴ መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ባኦ ዳይ በሁዌ ዙፋኑን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን ሆ ቺ ሚን በሃኖይ ባ ዲን አደባባይ የነጻነቱን መግለጫ ሲያነብ በመካከሉ ቆም ብሎ ሕዝቡ በደንብ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በቬትናም ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነገራል። ስለ ቃላቱ አንድ ነገር እንበል። ራሱን «ቶይ» አለ፤ ይህ ዛሬ «እኔ» ማለት ሲሆን ቀድሞ «አገልጋይ» ማለት ነበር። ሕዝቡን የጠራበት ቃል ትርጉሙ «ከአንድ ማሕፀን የወጣችሁ» ነው። ጥያቄውን ያሳረገው ደግሞ በ«ኾንግ» ነው። ሕዝቡም «ኮ!» ብሎ መለሰ፤ ይኸውም «አለ» ማለት ነው። የቻይና ሊቃውንት ባዶ ባሉት ቃል ተጠየቀ፤ «አለ» በሚል ቃል ተመለሰለት።

ከ6 ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1945፣ የሕዝብ ትምህርት ዘመቻን የሚያቋቁም አዋጅ ወጣ። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ማንበብ እንደማይችል ይነገር ነበር። ትምህርቱ በመቅደስ ግቢ፣ በግል ቤትና በገበያ ዳር ይሰጥ ነበር። በአንዳንድ ገበያ መግቢያ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ማንበብ ያልቻለ ሰው በሌላ በር እንዲዞር ይደረግ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች ማንበብና መጻፍ እንደተማሩ ተመዝግቧል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በአፋቸው ብቻ የነበረውን አነጋገር የመጀመሪያ ደብዳቤያቸው ላይ አሰፈሩት።

የተከፈለ አገር፣ የተለየ ቅንጣት

በ1954 የጄኔቭ ስምምነት አገሪቱን በ17ኛው መስመር ላይ በሁለት ከፈላት። በዚያና በተከታዩ ዓመት ከ800,000 በላይ ሰዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ። ስደተኛው በሳይጎን ገበያ አፉን ሲከፍት ከየት እንደመጣ ይታወቅበት ነበር። ሰሜኑ «ኜ» ሲል ደቡቡ «ንጌን» ይላል፤ ሰሜኑ አድማጩ እንዲስማማለት «ኚ» ሲል መካከለኛው አገር «ሂ» ይላል። ሰሜኑ አክብሮቱን በመጨረሻ በ«አ» ሲያሳርግ፣ ደቡቡ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ «ዛ» ይላል፤ ይህም ለሚጠራን ሰው «አቤት» እንደምንለው ነው። የአገሪቱ ሁለት ክፍሎች በ1976 በአንድ መንግሥት ሥር ሲዋሐዱ የጽሕፈቱ ሥርዓት አንድ ነበር፤ ቅንጣቶቹ ግን እስከ ዛሬ እንደየአገሩ ናቸው።

በዚያው ጊዜ የውጭ አገር ሊቃውንት ለእነዚህ ቃላት ትኩረት ሰጡ። በ1951 መሪ ኤሜኖ፣ በ1965 ሎረንስ ቶምፕሰን ያሳተሟቸው የቬትናምኛ ሰዋስው ጥናቶች የዓረፍተ ነገር ማሳረጊያ ቅንጣቶችን ራሱን የቻለ የቃላት ክፍል አድርገው መረመሯቸው። ሰው የሚናገረውን በጆሮ ሰምቶ የሚመዘግብ ተመራማሪ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያጋጥመውን ቃል ባዶ ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ለእኛ ሥራ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ ሁሉ «እኮ» እና «እስኪ» በየትም ቦታ ይጻፉ የሚል መደምደሚያ እናወጣለን ማለት አይደለም። የቬትናም መምህርም በሳይንስ ዘገባ ወይም በማመልከቻ ላይ «ኜ» ተጽፎ ቢያገኝ ያርመዋል። ለመምህሩ በሚጻፍ ደብዳቤ ግን የአክብሮቷ «አ» ብትጎድል ያንኑ ልጅ ባለጌ ይለዋል። የሚለየው የጽሑፉ ዓይነትና የሚጻፍለት ሰው ነው። ስሕተቱ ያለው ቅንጣቶቹን ሁሉ ትርጉም የለሽ ብሎ በአንድ ላይ መጣል ላይ ነው። «መጣ» እና «መጣ እኮ» አንድ ዜና ይነግሩናል፤ ሁለተኛው ግን አድማጩ ጠርጥሮ ወይም ዘንግቶ እንደነበረ ይጨምርልናል። ይህ ትርጉም ካልሆነ ትርጉም ምንድን ነው?

ለክፍል የሚሆኑ ሦስት ልምምዶች እነሆ።

1ኛ፤ ተማሪዎች በቤታቸው የሚሰሙትን ንግግር ለግማሽ ሰዓት አድምጠው «እኮ፣ እንዴ፣ እንጂ፣ እስኪ፣ ማ፣ ሳ፣ ስ» የሚገኙባቸውን 10 ዓረፍተ ነገሮች ይመዝግቡ። እያንዳንዱን ማን ለማን እንደተናገረውም ያመልክቱ።

2ኛ፤ እነዚያኑ ዓረፍተ ነገሮች ያለ ቅንጣቶቹ ጽፈው ምን እንደጎደለ በቃላት ያስረዱ። ለማስረዳት ስንት ቃላት እንደፈጀባቸው ይቁጠሩ።

3ኛ፤ አንድን ጉዳይ በሁለት መንገድ ይጻፉ፤ አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በማመልከቻ፣ አንድ ጊዜ ለእናታቸው በደብዳቤ። መምህሩም ሁለተኛውን ሲያርም ቀዩን ብዕር ከማንሣቱ በፊት ደብዳቤውን ድምፁን አሰምቶ ያንብበው።